ካሜራውን ከቁም ሳጥኑ አውጡልን፦ ለሥልጠና ክፍሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የፊልምና ቪዲዮ ሥልጠና ክፍል ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን።

የመሠረታዊ ፊልም ሥራ ሠልጣኞች ነን። የተግባር ቀረጻና የግምገማ ክፍለ ጊዜ ስለ መቅረቱ ቢሮ ድረስ መጥተን ተናግረናል፣ በጽሑፍም አስገብተናል። "እናየዋለን" ከሚል ቃል በቀር ያገኘነው ምላሽ የለም። የሚቀጥለው ዙር ምዝገባ ሊጀመር ስለሆነ፣ ሌሎችም እኛ የገባንበት ውስጥ ሳይገቡ በፊት በአደባባይ ብንጽፈው ይሻላል ብለን ወሰንን።

ነገሩ የጀመረው ሰሌዳ ላይ በተለጠፈች አንድ ገጽ ማስታወቂያ ነው። ስንመዘገብ የተነገረን አራት ትምህርት እንደምንወስድ ነበር፦ በምስል ታሪክ መንገር፣ ቀረጻ፣ ድምፅ እና ኤዲቲንግ (የተቀረጸውን ቆርጦ ማያያዝ)። ማስታወቂያዋ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ጠቅልላ "ቪዲዮ ኤዲቲንግ" ውስጥ ከተተቻቸው። የተግባር ቀረጻ ቀረ። ከእንግዲህ ሠልጣኝ የሚሠራው ተዘጋጅቶ በሚሰጠው ክሊፕ (የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ) ብቻ ነው። ሥራችንን አብረን እያየን የምንነጋገርበት የግምገማ ክፍለ ጊዜም "ለጊዜው" ተብሎ ታጠፈ። ለምን ብለን ስንጠይቅ ሁለት ምክንያት ሰማን። አንዱ ካሜራዎቹ ውድ ስለሆኑ እንዳይሰበሩ ነው። ሌላው "ገበያው የሚፈልገው ኤዲተር ነው" የሚል ነው።

ከሁለተኛው እንጀምር፣ ምክንያቱም ውሃ አያነሳም።

ገበያው ኤዲተር ይፈልጋል፣ አልካድንም። ግን የሚፈልገው የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ይማረው ነበር። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር በነፃ የሚወርድ ቨርዥን አለው። የአጠቃቀም ማብራሪያው ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ሜኑው ደግሞ ሶፍትዌሩ በታደሰ ቁጥር ይቀያየራል፤ ዘንድሮ በቃላችን የያዝነውን ከርሞ ሌላ ቦታ ልንፈልገው እንችላለን። የማይቀየረው ሌላ ነው። ይህ ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጸው አንድ ምስል) የት ይቆረጥ? ከሱ ቀጥሎ ምን ይምጣ? ተመልካቹ እዚህ ላይ ምን ያውቃል፣ ምንስ ገና አላወቀም? ታይፕ መምታት የቻለ ሁሉ ደራሲ እንደማይባለው፣ ታይምላይን (ሶፍትዌሩ ላይ ክሊፖች በተራ የሚቀመጡበት መስመር) ላይ ክሊፕ የደረደረ ሁሉ ኤዲተር አይባልም።

ይህን እኛ አልፈጠርነውም። የሶቪየቱ የፊልም መምህር ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ያደረገው ሙከራ በሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ስሜት የማይነበብበት የአንድ ተዋናይ ፊት ወሰደ። ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ሬሳ ሣጥን ውስጥ ከተኛች ልጅ፣ አንዴ ደግሞ ሶፋ ላይ ጋደም ካለች ሴት ጋር አጣመረው። እንደሚተረከው፣ ተመልካቹ ሰውየው ሲርበው፣ ሲያዝንና ሲመኝ አየሁ ብሎ ትወናውን አደነቀ። ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነበር። ትርጉሙ የተወለደው በሁለቱ ሾቶች መካከል ነው። እንግዲህ የኤዲቲንግ ሥሩ ይህ ከሆነ፣ በምስል ታሪክ መንገርን አውጥቶ ኤዲቲንግን ማስተማር እንዴት ይቻላል? ምኑ ይቀራል?

የቀረውንማ አይተነዋል። የማጠቃለያ ሥራችን የታረመበት ቅጽ "ትራንዚሽን" (ከሾት ወደ ሾት መሻገሪያ)፣ "ኢፌክት"፣ "ታይትል"፣ "ሙዚቃ" እና "ርዝመት" የሚሉ ሣጥኖች አሉት። ታሪኩ ይገባል ወይ የሚል ሣጥን ብንፈልግ ብንፈልግ አጣን።

አንዷ ጓደኛችን ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት የቀረጸችውን ሥራ ነበር ያስገባችው። አንድ አባት ስልክ ሲጠብቅ ነው፣ ንግግር የለውም። መጀመሪያ ክፍሉን በሙሉ እናያለን፤ ሰውየው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጧል። ቀጥሎ እጁ። ጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ ያደርጋል። ቀጥሎ ስልኩ። ይበራል፣ የባትሪ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ተመልሶ ይጨልማል። ከዚያ ፊቱ። ፊቱ ላይ ከለመድነው በላይ ትቆያለች፣ ልክ ልንሰለች ስንል የበር ድምፅ ይሰማል፣ በሩን ግን ገና አላየነውም። ጣቱ ይቆማል። በሩን የምናየው ከዚያ በኋላ ነው። ድምፁን ከምስሉ ያስቀደመችበት ዘዴ ጄ ካት ይባላል፤ አብዛኞቻችን ስሙን እንኳ የሰማነው ከእሷ ሥራ በኋላ ነው። ሙዚቃ የለም። ሁሉም ሾት የተያያዘው በቀጥታ ካት፣ ማለትም ያለ ምንም ማስዋቢያ አንዱን ቆርጦ ሌላውን በማስከተል ነው። ስናየው ከተመልካቾቹ የራሱን ስልክ የነካ አንድ ሰው አልነበረም።

ውጤቷ ዝቅ አለ። ቅጹ ላይ "ትራንዚሽን አልተጠቀመችም" ተብሎ ተጽፏል። በዚያው ቀን ሾት በተቀያየረ ቁጥር ምስሉ እንደ ኪዩብ (ባለ ስድስት ገጽ ሣጥን) የሚሽከረከርበት፣ ስለ ምን እንደሆነ ሠሪው ራሱ ሊያስረዳን ያልቻለው ቪዲዮ ከፍተኛውን ነጥብ ወሰደ። ልጁን አንወቅሰውም፣ ቅጹ የጠየቀውን ነው የሠራው። ለነገሩ ቀጥታ ካትም ትራንዚሽን ነው፤ እንዲያውም ፊልም ላይ ከምናየው መሻገሪያ አብዛኛው እሱ ነው። አንዱ ምስል እየደበዘዘ ሌላው በላዩ የሚወጣበት ዲዞልቭ ብዙ ጊዜ የጊዜን ማለፍ ይናገራል። ምስሉ ቀስ እያለ ወደ ጥቁር ሲሄድ አንድ ምዕራፍ ተዘጋ ማለት ነው። የሚሽከረከረው ኪዩብ ምን ይላል? የሚያውቅ ሰው ካለ ያስረዳን፣ ከልባችን ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን ቀረጻው ላይ ነው።

ፈረንሳዊዎቹ የፊልም ፈር ቀዳጆች የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ፓሪስ ውስጥ ከፍሎ ለገባ ተመልካች ያሳዩዋቸው ፊልሞች እያንዳንዳቸው ወደ 50 ሰከንድ የሚጠጉ ነበሩ። አንድ አንድ ሾት ናቸው። ኤዲት የሚባል ነገር አያውቃቸውም። ግን አንድ ሰው ካሜራውን የት እንደሚተክለው አስቦ ወስኗል። ፊልም ያለ ኤዲት መጀመር ችሏል፣ ያለ ካሜራ ግን አልጀመረም። እኛ ዘንድ የተደረገው የዚህ ግልባጭ ነው።

በተዘጋጀ ክሊፕ ብቻ የሚማር ሰው የቀረጻ ስህተት ምን እንደሚያስከፍል አያውቅም። የ180 ዲግሪውን ሕግ ውሰዱ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሆነው ሲያወሩ በመካከላቸው የማይታይ መስመር አለ እንላለን። ካሜራው ከመስመሩ በአንድ ወገን እስከቆየ ድረስ አንደኛው ሁልጊዜ ወደ ቀኝ፣ ሌላኛው ወደ ግራ ያያል፣ ተመልካቹም እርስ በርስ እንደሚተያዩ ሳይነገረው ይገባዋል። ካሜራው መስመሩን ተሻግሮ ማዶ ከሄደ ግን ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ማየት ይጀምራሉ፣ ሌላ ሰው የሚያናግሩ ይመስላሉ። ጓደኞቻችን ከሥልጠናው ውጪ በክፍያ የያዙት የቃለ መጠይቅ ሥራ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ጠያቂውም ተጠያቂውም ወደ ግራ ያያሉ። ቀረጻው አልቋል፣ እንግዶቹ ሄደዋል። በኤዲት ምን ይደረግ? አንዱን ሾት ግራና ቀኙን ገለበጡት። አቅጣጫው ተስተካከለ፤ ከተናጋሪው ጀርባ ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ተገልብጦ መጣ። አሠሪው አንድ ጊዜ አይቶ "አልቀበልም" አለ። ሕጉን ለመልመድ የሚያስፈልገው ሁለት ወንበር፣ አንድ ካሜራና አንድ ከሰዓት ነው። ያንን ነው የቀነሳችሁብን።

ስሎው ሞሽኑም (ዝግ ብሎ የሚሄደው ምስል) እንዲሁ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተቀረጸ ክሊፕ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀነስ ለአንድ ሰከንድ የሚደርሰው 12 ተኩል ፍሬም ነው። ሶፍትዌሩ ያሉትን ይደጋግማል ወይም የሌለ ፍሬም ከራሱ ይፈጥራል። የክፍላችን ስሎው ሞሽን በሙሉ የሚንተባተበው ለዚህ ነው እንጂ እጃችን ስለማይችል አይደለም። ስሎው ሞሽን የፈለገ ሰው ከመቅረጹ በፊት ወስኖ በ50 ወይም በ100 ፍሬም መቅረጽ አለበት። "ከመቅረጹ በፊት" የምትለዋን ልብ በሉልን። ሸተር ስፒዱም (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ)፣ ኋይት ባላንሱም (የቀለም ሚዛኑ)፣ ፎከሱም (የምስሉ ጥራት የሚያርፍበት ቦታ) የሚወሰኑት እዚያው ነው። ፎከሱ የሳተ ፊት ላይ ሻርፕን የሚባለውን ምስል ማጥሪያ ብትጨምሩበት ብትጨምሩበት ዓይኑ አይመለስም። ብርሃን በዝቶበት ድፍን ነጭ የሆነ ሰማይ ውስጥ ደመናውን ፈልጎ የሚያመጣ ቁልፍም የለም።

ካሜራው ይሰበራል የሚለው ስጋት ይገባናል፤ ንብረት ነው። ግን ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው አያያዙን ባልተማረ ሰው እጅ ነው። አሁን ሁሉም ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ በደንብ እንደሚሠራ ምስክር ነን። እሺ በስልካችን እንቅረጽ ብለን ብንጠይቅ "ስልክ ፕሮፌሽናል አይደለም" ተባልን። ስልክ ላይ ፎከስና ብርሃን መቆለፍ ይቻላል። ትሪፖድ ላይ ማሰር ይቻላል። ማይክ መሰካት ይቻላል። ዋይድ (ከሩቅ)፣ ሚዲየም (ከመካከለኛ ርቀት) እና ክሎዝ አፕ (ከቅርብ) በስልክም ያው ናቸው። ካሜራው ተከለከለ፣ ስልኩ ተናቀ፣ ታዲያ በምን እንማር?

ወደ ድምፁ እንምጣ። የሚሰጡን ክሊፖች ድምፅ አልባ ናቸው። በዚህ ምክንያት "ድምፅ" የሚባለው ትምህርት ዘፈን ፈልጎ ከሥር መክተት ሆኖ ቀርቷል። ተመልካች ትንሽ የጠቆረ ምስል ይታገሣል፣ ንግግሩ ካልተሰማው ግን ጥሎ ይሄዳል፤ ይህን ለማወቅ ራሳችን ቪዲዮ ስናይ የምናደርገውን ማስተዋል ይበቃል። አንዱ ሠልጣኝ ማመልከቻ ላይ የሚያያይዘው ናሙና ሲሠራ ሁለት ሰዎች ኩሽና ውስጥ ሲጨቃጨቁ ቀረጸ። ትወናው አሪፍ ነው። ሾቶቹን ሲያያይዛቸው ግን የፍሪጁ እምምታ በአንዱ ሾት ይመጣል፣ በሚቀጥለው ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። እያንዳንዷ ካት በጆሮ ትታወቃለች። መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ቀረጻው ሲያልቅ ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉን ድምፅ ብቻ ለ30 ሰከንድ መቅዳት። ሩም ቶን ይሉታል። ኤዲት ላይ ከንግግሩ ሥር ይነጠፍና ክፍተቱን ይደፍናል። ከሁሉም የሚሻለው ፍሪጁን ነቅሎ መቅረጽ ነው (ሲጨርሱ መልሶ መሰካት ሳይረሳ)። ይህን ያህል ነገር ለመንገር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የነገረው ሰው ግን አልነበረም።

በነገራችን ላይ፣ ዘፈኑንም "ከኢንተርኔት አውርዱ" ነው የተባልነው። ባለመብት እንዳለው፣ ፈቃድ እንደሚጠየቅ ማንም አላነሳም። ዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ በሚባለው ሥርዓቱ እንዲህ ያለውን ዘፈን ሲይዝ የማስታወቂያው ገቢ ወደ ባለመብቱ ሊዞር ወይም ቪዲዮው ከናካቴው ሊታገድ ይችላል። የመጀመሪያ ሥራውን ለደንበኛ ያስረከበ ልጅ ይህን ከደንበኛው መስማት አለበት?

ስለ ፋይል አያያዝ ብዙ አንልም። የሥልጠናው ኮምፒውተሮች ሲጸዱ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ዲስኩ ተጠረገ፣ የብዙዎቻችን ሥራ አብሮ ሄደ። አንዳንዶች ፋይሌን በፍላሽ ይዤዋለሁ ብለው ነበር። የያዙት የፕሮጀክት ፋይሉን ብቻ ነው። ፕሮጀክት ፋይል ውስጥ ቪዲዮው የለም፤ የት እንደተቆረጠ የሚናገር ማስታወሻ ነው እንጂ። ሲከፍቱት ታይምላይኑ በሙሉ ቀይ ሆኖ "ሚዲያ ኦፍላይን"፣ ማለትም ቪዲዮው አልተገኘም አላቸው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጪ የሚለው የተለመደ የባክአፕ መርሕ በመጀመሪያው ቀን መነገር የነበረበት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚቆጨን ግን የግምገማው ክፍለ ጊዜ ነው። ካሜራ ቢጠፋ በስልክ ይሠራል፣ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ ሥራችንን አይቶ ያየውን በቅንነት የሚነግረን ሰው ግን ከየት ይመጣል? አሠራሩ ቀላል ነበር። ፊልሙ ይታያል። ሠሪው አፉን ይዘጋል፤ ማስረዳት የለም፣ "እዚህ ጋ ለማለት የፈለግኩት" የለም። ያዩት የገባቸውን ይናገራሉ። አንድ ጊዜ የባልና ሚስት ጠብ ነው ተብሎ የተሠራን ፊልም ክፍሉ በሙሉ የወንድምና እህት ነው ብሎ አየው። ሠሪዋ መጀመሪያ ደነገጠች። በሚቀጥለው ሳምንት የጨመረችው አንድ ሾት ብቻ ነው፦ ሴትየዋ ጣቷ ላይ ያለውን ቀለበት እያሽከረከረች። የሦስት ሰከንድ ሾት ናት። ማንም ድጋሚ አልተሳሳተም። ይህንን የትኛው ሶፍትዌር ያስተምራል? አሁን በቦታው ያለው ቅጹ ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ይዘን እንወጣለን፣ የቱ ጋ ተመልካቹን እንዳሰለቸን፣ የቱ ጋ ግራ እንዳጋባን አናውቅም። አንዳንድ መምህራን ኮሪደር ላይ ቆመው ላፕቶፓችንን ያዩልናል፤ ሰዓታቸው አይደለም፣ ግዴታቸውም አይደለም።

የተዘጋጀ ክሊፕ ጭራሽ አይጠቅምም አላልንም። ለአንድ ነገር በጣም ይጠቅማል። ያንኑ ጥሬ ቀረጻ ለሁላችንም ሰጥታችሁ እያንዳንዳችን ለብቻችን ብንቆርጠውና የመጣውን ጎን ለጎን ብናየው፣ ከአንድ ቀረጻ ስንት የተለያየ ታሪክ እንደሚወጣ በአንድ ቀን ይገባን ነበር። እስካሁን እንደዚያ ተደርጎ አያውቅም። ክሊፑ የተሰጠን በልምምድ መልክ ሳይሆን የቀረጻ ምትክ ሆኖ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የግምገማው ክፍለ ጊዜ በአስቸኳይ ይመለስ። ከሁሉም ይህን እናስቀድማለን፣ ምክንያቱም ወጪ የለውም። አንድ ክፍል፣ አንድ ስክሪንና ጥሩ ድምፅ ማጉያ ካለ በቂ ነው።

የውጤት መስጫው ቅጽ ይቀየር። ታሪኩ መግባቱ፣ የሾት ምርጫው፣ የካቱ ቦታ እና የንግግሩ መሰማት ነጥብ ይያዝላቸው። ኢፌክት የሚቆጠረው ሥራው ሲፈልገው ብቻ ይሁን። ቀጥታ ካት ስለተጠቀሙ ነጥብ የተቀነሰባቸው ሥራዎችም እንደገና ይታረሙ።

ካሜራዎቹ በቡድን፣ በፊርማና በኃላፊነት ይሰጡን። ከዚያ በፊት የአያያዝ ልምምድ ይሰጠንና ያላለፈ አይውሰድ፣ እንስማማለን። ካሜራ ላልደረሰው ቡድን በስልክ መቅረጽ ይፈቀድ። ለመነሻ የሚሆኑ መልመጃዎችም ከባድ አይደሉም፦ ንግግር የሌለው የአንድ ደቂቃ ታሪክ በአምስት ሾት፣ የሁለት ሰዎች ንግግር መስመሩን ሳይሻገሩ፣ አንድ ሰው በር ከፍቶ ገብቶ ሲቀመጥ በሦስት የተለያየ አቀራረጽ። እነዚህን ከመቅረጻችን በፊት ሾት ሊስት (የምንቀርጻቸውን ሾቶች ዝርዝር) እንድናስገባ ብታስገድዱን እንኳ አናጉረመርምም።

ድምፅ ራሱን ችሎ ይሰጥ። ሙሉ ትምህርት መሆኑ ካልተቻለ ቢያንስ ማይክ አያያዝ፣ ሩም ቶን፣ የንግግር ልክ ማስተካከል እና የሙዚቃ መብት ይሸፈኑ።

ኮምፒውተሮቹ ሲጸዱ አስቀድማችሁ አሳውቁን።

በመጨረሻም፣ ይህ የማይሆን ከሆነ ለአዲሶቹ ተመዝጋቢዎች እውነቱ ይነገር። አሁንም በራሪ ወረቀቱ ላይ ካሜራ የያዘ ሠልጣኝ ፎቶ አለ፤ "የፊልም ሥራ መሠረታዊ ሥልጠና" ይላል። የሚሰጠው የሶፍትዌር አጠቃቀም ከሆነ ስሙም ክፍያውም በዚያው ልክ ይስተካከል።

ምላሻችሁን ምዝገባው ከመከፈቱ በፊት በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለውይይት ከጠራችሁን ተወካዮቻችን ቅጹንና የተጠቀሱትን ሥራዎች ይዘው ይቀርባሉ። የጓደኛችንን ፊልም አብራችሁን ብታዩት ደስ ይለናል፣ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ከአክብሮት ጋር፣
የመሠረታዊ ፊልም ሥራና ቪዲዮ ኤዲቲንግ ሠልጣኞች ተወካዮች